ሐዲድ ያልነበረው የሐረር ትራም

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሸዋ በር አጠገብ አንድ ባለጋሪ መንኮራኩሩን አውልቆ የሚዞርበትን ብረት ሞራ ሲቀባ አገኘሁት። ሞራው ፀሐይ መትቶት ቀልጦ ይሸታል። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። ባለጋሪው ቀና ብሎ «እማማ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ። «ምንም አልጠፋብኝ፣ አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት። ምን ልበለው? የትራማችን ሽታ ሸተተኝ ብለው፣ ይቺ አሮጊት ለየላት ይላል። ሐረር ትራም ገብቶ እንደማያውቅ እኔም አውቃለሁ፤ ማንም እንዲያርመኝ አልፈልግም። ሐዲድ የሚባል ነገር ከተማዋን በከበበው ግንብ ውስጥ አንድ ክንድ እንኳ አልተዘረጋም። ቢሆንም እኛ ትራም ነበረን፤ ይህን ሳልናገር ብሞት ይቆጨኛል።

ጊዜው መቼ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ዓመተ ምሕረት ቆጥሬ አላውቅም። ባቡሩ እኛን ትቶ ድሬዳዋ ላይ ከቀረ በኋላ፣ ጣሊያን ሳይመጣ በፊት ነው፤ ይበቃችኋል። ያኔ አንድ ቤሳ ይዞ ፈረስ መጋላ የወጣ ሰው ሙዝም ሸንኮራም ይዞ ይመለሳል። የእኛ ሴቶች ቡፍታ ቀሚስ በሰፊ መቀነት፣ የሐረሪ ሴቶች ደግሞ ከውስጥ ጠባቡን ባለመስመር ሱሪ፣ ከላይ ቀይና ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሰው ሲያልፉ መንገዱ ያምር ነበር። አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሶ ማን ከማን እንደሆነ አይለይም። የህንዱ ሱቅ ጥግ ላይ ቀንድ ያለው ሸክላ ማጫወቻ ነበረ፤ ቋንቋዋን የማናውቃት አንዲት ሴት ትዘፍንበታለች፤ እኛም ምን እንደምትል ሳይገባን ከንፈራችንን እየመጠጥን እናዳምጣታለን። ቤታችን ከፈረስ መጋላ ጀርባ ነው። አባታችን ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ገብቶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ ሁለት ሴት ልጆች ለእናታችን ትቶ የሞተ ሰው ነው።

ታላቄ አስካለ ትባላለች፤ እኔ እትዬ ነው የምላት። በሕፃንነቷ ትኩሳት ይዟት ሲለቃት ሁለት እግሮቿ ዝለው ቀሩ። ክንዷ ግን! ክንዷ የወንድ ክንድ ነበር። ጥጥ እጇ ከገባ የሚወጣው ፈትል ዓይን እስኪያጭበረብር የቀጠነ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ያዘልኳት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዝያት ቁልቁል ወደ ጊደር መጋላ እንወርዳለን፤ እሷ እህልና ቅመም ተራው መሐል ተቀምጣ ፈትሏን ትሸጣለች። ከእጇ ወስዶ ሌላ ሰው ሲሸጥላት ፈትሉ ሁልጊዜ «ወፍራም ነው ተባለ» ተብሎ በርካሽ ይሄዳል። እሷ ባለችበት ግን ማንም ደፍሮ ወፍራም ነው አይልም። «ወፍራም? እስቲ መርፌ አምጣና በቀዳዳው እንየው!» ትላለች፤ ሰውየው ራሱ ይስቃል። መንገዱ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ ድንች ጥዶ የወጣ ሰው ድንቹ ሳይበስል ደርሶ ይመለሳል። ሰው አዝለው ሽቅብ ሲመለሱ ግን ጉልበት ይንቀጠቀጣል።

በዚያ ዓመት እኔ ታጨሁ። ሰውየው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያለው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ኋላ ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል፣ ነፍሱን ይማረው። ሠርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ተቆረጠ። ቤት ውስጥ ሁሉ ስለ ድግሱ ያወራል፤ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ ድሬዳዋ ስገባ እትዬን ማን ያዝላታል? እናታችን ወገቧን ታማለች። አጎታችን ጋሽ ደስታ በቅሎ አከራይ ነው፤ እሱን ስጠይቀው «ቤቷ ትቀመጣ! ምን ጎደለባት? ሰው ጀርባ ላይ ተንጠልጥላ አደባባይ ከምትታይ!» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያፍረው ለእሷ ብሎ ይመስለው ነበር። እትዬ ግን አንድ ቀን እንዝርቷን አስቀመጠችና «ብርቄ፣ አንቺ ስትሄጂ እኔ ይቺን ግድግዳ እያየሁ ነው የማረጀው» አለችኝ። ሠርጌን ጠላሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ ሙሽራው ታሞ ሠርጉ ቢቀር ደስታዬ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አው ዑመር ከባሕር ማዶ የተመለሱት በዚህ መሐል ነው። አው ማለት ሐረሪዎች የተከበረ ሽማግሌ የሚጠሩበት ነው። ጊደር መጋላ ዳር ቡፍታና ሐር የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። ዕቃውን ሁልጊዜ በሰው ያስመጡ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ራሳቸው በኤደን ወደብ አድርገው ህንድ አገር፣ ቦምባይ ድረስ ሄደው መጡ። ሌላው ነጋዴ ከዚያ አገር ሲመለስ የሚያወራው ስለ ጨርቅ ነው፤ አው ዑመር ስለ ትራም ብቻ ሆነ ወሬያቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቃቸው ደጃፍ ሰው ይሰበሰባል፤ የቡናው ገለባ ተፈልቶ በወተት፣ እነሱ ሐሹር የሚሉት፣ በየፊንጃሉ ይቀዳል። እኔና እትዬም ከገበያ ስንመለስ እዚያ አረፍ እንላለን፤ እሷን የቡፍታው ጣቃ ላይ አስቀምጣታለሁ።

«ወላሂ፣ ሁለት ብረት መሬት ላይ ተጋድሟል» ይላሉ አው ዑመር፣ አፈሩ ላይ በጣታቸው ሁለት መስመር እየሳቡ። «በላዩ ቤት ይሄዳል። መስኮት ያለው ቤት! ሰው በአግዳሚ ተደርድሯል። ጫማ የሌለው ከባለ ሰዓቱ ጎን! ሁለቱም እኩል ነው የሚከፍሉት፤ ማንም ማንንም ተነሥልኝ አይልም።»

«በቅሎውስ የት ጋ ነው ያለው?» አለ ጋሽ ደስታ።

«በፊት በፈረስ ነበር አሉ። አሁን ከላይ ሽቦ ተዘርግቷል፤ ኃይሉ በሽቦው ውስጥ ነው።»

«ሱብሃነላህ» አለ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው።

ጋሽ ደስታ አልተደነቀም። «እሺ፣ ጭነት የያዘ ግመል ብረቱ ላይ ቢተኛስ?»

«ይቆማል።»

«ግመሉ አልነሣም ቢልስ?»

«ይቆማላ።»

«ይኸው! እኔ በቅሎዬን በግመሉ ጎን አዙሬ አልፋለሁ። የእርስዎ ትራም ከብረቱ መውጣት አይችል። ከኋላው ያለውም ይቆማል፣ ከዚያም ኋላ ያለው። አገር ምድሩ በአንድ ግመል ሊታሰር ነው!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አው ዑመርም ሳቁ። «እውነትህን ነው፤ አንዲት ላም ተኝታብን ግማሽ ቀን ተገትረናል። ላም መንካት ደግሞ እዚያ አገር ነውር ነው።» ጋሽ ደስታ ይህን ሲሰማ በረታ። «መንገዳችንን ያውቁታል፤ ሁለት የተጫኑ አህዮች ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ብረቱን ለመዘርጋት የማንን ግንብ ሊያፈርሱ ነው? የእርስዎን? እኛ ባለበቅሎዎችስ ምን ልንበላ ነው?» አለ። እዚህ ላይ አው ዑመር ዞረው የሱቃቸውን ግንብ አዩ። ግንባቸው ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው።

ያን ጊዜ እትዬ ከጣቃው ላይ ሆና «አው ዑመር፣ መርገጫው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል?» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ስለ ሽቦው የጠየቀ አለ፣ ስለ ፈረሱ የጠየቀ አለ፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቀም። አው ዑመር እጃቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው «ይህን ያህል ነው ልጄ፤ ከጉልበት በታች» አሉ።

«የሚያዝ ነገርስ አለው?»

«አለው። በግራና በቀኝ ብረት አለው።»

«እንግዲያው እኔ ብቻዬን እወጣለሁ» አለች፣ ክንዷን እያየች። ጋሽ ደስታ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አው ዑመር ደግሞ ፊንጃላቸውን አስቀመጡና «ብረቱን ለቦምባይ እንተውላቸው» አሉ። «የትራም ጥሩነቱ ብረቱ አይደለም። በሰዓቱ መምጣቱ፣ በአንድ መንገድ መሄዱ፣ ሰው አለመምረጡ ነው። ይህ እኛም ዘንድ ይቻላል፣ ኢንሻአላህ።»

ወዲያው አናጢ ይዘው ከፈረስ መጋላ በጊደር መጋላ አድርጎ እስከ ኤረር በር ያለውን መንገድ በገመድ አስለኩ። ከጠባቡ ቦታ አንድ ስንዝር የጠበበ ጋሪ ተሠራ፤ አራት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ያለው፣ በላዩ ቡፍታ የተወጠረ። መርገጫው ከጉልበት በታች፣ በግራና በቀኝ የሚያዝ እንጨት። መንኮራኩሩ እንዳይጮህ ጠዋት ጠዋት ሞራ ይቀባል። ጋሽ ደስታ ሦስት ቀን አኮረፈ፤ በአራተኛው ቀን በቅሎውን ስቦ መጣና «ሌላ ሰው በክፉ በቅሎ ከሚጎትተው» አለ። አው ዑመር ከቦምባይ ያመጡትን የነሐስ ደወል አስገጠሙለት። ሕጉ አንድ ነው፤ ትራም ማንንም አይጠብቅም፣ ደወል ከተደወለ ይሄዳል። «አንድ ወር እንሞክረዋለን። ሰው ካልለመደው ግን ድንጋይ እናመላልስበታለን» አሉ። እኔ ያን አንድ ወር ቀን በቀን እቆጥረው ነበር፤ ሲያልቅ ሠርጌ ነዋ።

መጀመሪያ የወጣው ቅዳሜ ቀን፣ ከእኛ ደጃፍ ነው። እትዬ አንድ እጇን በግራ፣ አንድ እጇን በቀኝ አደረገችና፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ ብድግ አለች፣ ቁጭ! የሰፈሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ አንዲት ስፌት የያዘች የሐረሪ ወይዘሮና አንድ መሪጌታ ደግሞ ከፊታችን። ተነሣን። ገና የመጀመሪያው ቅያስ ላይ ጋሽ ደስታ አንድ ሽማግሌ አየና ቆመ። መቆም ብቻ መሰላችሁ? ወረደ፣ ጎንበስ አለ። «እንዴት አደሩ? ቤተሰቡስ? ልጆቹስ? ሶፊ ያለው ማሳዎ ዝናብ አገኘ?» ሽማግሌው ስለ ሶፊ ማሳ እስኪጨርሱ ቆምን። እሱ ሲበቃው መሪጌታው ይቀጥላል፤ መሪጌታው ሲበቃው ወይዘሮዋ የምታውቃት ሴት ከደጃፍ ብቅ ትላለች፣ «አማን? አማን? ኹሉ አማን?» አንድ ሃምሳ እርምጃ ስንሄድ ሦስት ጊዜ ቆመናል። እትዬ «ጋሽ ደስታ፣ ደወሉን ይደውሉ እንጂ!» ብትለው፣ «ሽማግሌ ላይ ደወል? እኔ ሰው ያሳደገኝ አይደለሁ?» ብሎ ተቆጣት።

ዋናው ጉድ ግን ከዚያ በኋላ መጣ። መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ጠባቡ ቦታ ስንደርስ፣ ለቅሶ ቤት ገጠመን። አንድ የታወቀ ሸማኔ አርፎ ወንዶቹ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ወይዘሮዋ «ዘመዴ ነው፣ ሳልገባ ባልፍ አላህ አይወድልኝም፤ አንድ አፍታ ጠብቁኝ» ብላ ወረደች። ጋሽ ደስታ «እንዴ! ይህን የለበስኩትን ጋቢ የሠራልኝ እሱ አይደል እንዴ!» ብሎ ወረደ። መሪጌታው ጎረቤቱ ነው፣ ወረደ። እኔስ? ሸማኔው ስንት ዓመት የእትዬን ፈትል የገዛ ሰው ነው፤ እንዴት አልፋለሁ? «እትዬ፣ መጣን» አልኳት። «ግቡ፣ ግቡ፣ እኔ ከዚሁ ሆኜ አለቅስለታለሁ» አለች። ትራሙን መሐል መንገድ ላይ ገትረን ሁላችንም ገባን። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ከሐረር ሌላ የት አገር ነው ትራም ከነነጂው ለቅሶ የሚደርስ? ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው መነሣት ደግሞ ነውር ነው። ተቀመጥን። ሟቹ ተወራ፣ ደግነቱ ተወራ፣ የታመመበት ተወራ። ከውጭ ደወል ሰማሁ። ልጆች እየነካኩት ነው አልኩ። ደግሞ ተደወለ፤ ረጅም ደወል። ማንም አልተነሣም።

ስንወጣ ትራሙ የለም። ጋሽ ደስታ ራሱን ይዞ «በቅሎዬን! ልጄን!» ብሎ ጮኸ። በቅሎዋን ማስቀደሙን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተውኩለትም። እኔ ግን ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ በቅሎዋ ደንብራ ከሆነ ጋሪው ከነእህቴ ግንብ ላይ ነው የሚፈጠፈጠው፤ መዝለል አትችል፣ መሮጥ አትችል። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። በእግሬ በረርኩ። በየደጃፉ «በዚህ አለፈች!» ይሉኛል፤ «እየደወለች!» ይሉኛል። ለቅሶ ቤት ትቻት የገባሁት እኔ፣ ገደልኳት፣ እህቴን ገደልኳት እያልኩ ጊደር መጋላ ደረስኩ።

ጋሪው ቅመም ተራው ዳር ቆሟል፤ መንኮራኩሩ ሥር ድንጋይ ተደርጓል። እትዬ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ፈትሏን ዘርግታ «ወፍራም? መርፌ አምጣ!» ትላለች። አየችኝና «ዘገያችሁ» አለችኝ።

«እትዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ? ከኋላ እንጨት የጫኑ አህዮች ተደረደሩ፣ ከፊት ወተት የያዙት ከኤረር በር መጡ፤ ሰው በእኔ ላይ ይጮሃል። ደወልኩ፣ አልወጣችሁም። ደግሜ ደወልኩ። አው ዑመር ማንንም አይጠብቅም ብለዋል፤ እየደወልኩ ሄድኩ፣ ወተት የያዙት ወደ ኋላ ዞሩልኝ።» ልጓሙን በአንድ እጇ፣ መንኮራኩሩን የሚይዘውን እንጨት በሌላው ጨብጣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳዋለች። መዳፏ ተልጦ ነበር። ጋሽ ደስታ እያለከለከ ደረሰና «አጎትሽን ለቅሶ ቤት ጥለሽ! ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው!» እያለ ሲጮህ አው ዑመር ከሱቃቸው ወጡ። ነገሩን ሰሙ። እስኪያነቡ ሳቁ። «አልሃምዱሊላህ! ትራም ሐረር ገባ!» አሉ። ከዚያ ጋሽ ደስታን ትከሻውን ይዘው «አንተ ሰው አክባሪ ነህ፤ ሰው አክባሪ ትራም አይነዳም። ይህች ልጅ ግን ወርዳ ጎንበስ አላለችም ብሎ ማን ይቀየማታል? ከዛሬ ጀምሮ ደወሉ የእሷ ነው፤ አንተ የበቅሎዋን ልጓም ትይዛለህ፤ ስትደውል ትሄዳለህ» አሉት። ጋሽ ደስታ አኮረፈ፤ ግን ልጓሙን ያዘ፤ ጠዋት ጠዋትም ጋሪውን ደጃፋችን ድረስ ያመጣላት ጀመር።

እንዲህ ነው ትራማችን የቆመው። ሁሉ ነገር አማረ እያልኩ አይደለም። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ወንዝ ይሆናል፤ ያን ዕለት ትራም የለም። ጠባቡ ቦታ ላይ ከግመል ጋር ሲፋጠጥ አጎቴ ያለው ሁሉ ልክ ሆኖ ይገኛል። «ያቺ ልጅ ስድ ናት» ብሎ ያልከሰሳት ሽማግሌም አልነበረም። ግን ሰው ለመደ። እየተራመደ ሰላምታ መስጠት ተማረ፤ ከጋሪው ጎን ጎን እየሄደ ስለ ልጅ ስለ ከብቱ ጠይቆ፣ ሲጨርስ ይመለሳል። ነፍሰ ጡሯ፣ ዓይነ ስውሩ፣ ጉልበት የከዳው ሁሉ ገበያ መውጣት ጀመረ። ከአንድ ግቢ ሳይወጡ ያረጁ አንዲት ሴትዮ ጊደር መጋላን አይተው «ለካ ይህን ያህል ሰው አለ!» ማለታቸውን አልረሳም። መኪና እስኪበዛ ድረስ ብዙ ዓመት ሠርቷል።

ሠርጌ አራት ቀን ሲቀረው ነው። እናቴ የጎደለ ቅመም አምጪ ብላ ላከችኝ፤ ፈረስ መጋላ ትራሙ ቆሞ ሰው ይጫናል። አንዲት አብሮ አደጌን አገኘሁና ወሬ ያዝን፤ ስለ ቀሚሴ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ሚዜዎቹ ትጠይቀኛለች። ደወሉ ተደወለ። «እትዬ፣ አንድ አፍታ!» አልኩ፣ እጄን ዘርግቼ። እትዬ ዞራ አየችኝ። ፊቷን አሁንም አየዋለሁ። «ብርቄ፣ በሚቀጥለው ነይ!» አለችና ደገመችው ደወሉን። ጋሽ ደስታ በቅሎዋን ሳበ፤ ተሳፋሪው ሳቀብኝ፤ ጋሪው ቅያሱን ዞረ። ጓደኛዬ «ውይ! እህትሽ አይደለችም እንዴ?» አለች። ስምንት ዓመት ሙሉ እኔ ሳላዝላት ከቤት ወጥታ አታውቅም፤ እኔ ካልሄድኩ አትሄድም፣ እኔ ካልተመለስኩ አትመለስም። መንገዱ መሐል ቆሜ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ሳቅኩ። «ጥላኝ ሄደች!» አልኳት ጓደኛዬን። «እሰይ! እህቴ ጥላኝ ሄደች!» በሳምንቱ ልቤ አርፎ ድሬዳዋ ገባሁ።